ብርሃን ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ

አባቴን ተማሪዎቹ «ሦስት መቶ ሺህ» ይሉት ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በሴኮንድ፣ ማለትም የብርሃን ፍጥነት፣ ክፍል ሲገባም ሲወጣም የሚያስደግማቸው ቁጥር ነው። እኔና መንትያ እህቴ ቅጽል ስሙን የሰማነው አንድ ቀን በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንጠብቀው ነው። አንድ ረጅም ተማሪ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ፣ «ሦስት መቶ ሺህ መጣልህ፤ ሲጋራዋን ጣላት» አለው። በጣም ኮራሁ። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ስም ያለው አባት አልነበረም። የጎረቤታችን አባት የሚታወቀው «ጆሮ» በሚል ነበር።

እናቴ ግን ይህ ስም አይዋጥላትም። የአውቶቡስ ጣቢያ የስምሪት ሠራተኛ ነበረች። ከመስኮት ጀርባ ተቀምጣ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ በድምፅ ማጉያ ትጠራለች። አምስት ደቂቃ የዘገየ ሹፌር በመስኮቷ ፊት የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነው። ቤት ስትመጣም ይህን ጠባይዋን ጣቢያ ጥላው አትመጣም። የቅዳሜ ምሳ ሰባት ሰዓት ነው ካለች ሰባት ሰዓት ነው። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ሰጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ ይጨርሳል። ከትምህርት ቤቱ ቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል።

«የዓለምን ፈጣን ነገር የሚያስተምር ሰው» አለችው አንድ ቅዳሜ፣ የቀዘቀዘውን ሳህን ፊቱ እያስቀመጠች፣ «የሃያ ደቂቃ መንገድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀበት።»

«ብርሃንም ሁልጊዜ እኩል አይፈጥንም» አለ አባቴ፣ ማንኪያውን በጥንቃቄ እያነሳ። «ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሺህ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ይወርዳል።»

«አንተስ? ብርጭቆ ውስጥ ስትገባ ስንት ትደርሳለህ?»

እህቴ በሳቅ ሻይዋን ረጨችው። እኔም ሳቅኩ። እናቴ ፊዚክስ እየገባት መምጣቱ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ብቻ አልሳቀም።

«ይሄ ሽታ ምንድን ነው ደግሞ?» አለች እናቴ።

«የላብራቶሪ አልኮል ነው። ልጆቹ የአልኮል መብራቱን ሲሞሉ ልብሴ ላይ ደፉት።»

«በየቅዳሜው ይደፉብሃል?»

«እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልጆች አይደሉ?»

«የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥማ እያየሁት ነው።»

እኔ ያየሁት ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ትንሽ ትንሽ ሲጋጭ ነው። ድምፁ ደስ ይላል። ሽታውንም እወደው ነበር። ሳድግ ላብራቶሪ ሠርቼ እንደሱ መሽተት እፈልግ ነበር።

እሁድ ጠዋት ላይ ግን የአባቴን ያህል አስተማሪ በዓለም አልነበረም። ፊቱን ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ እኛን አጠገቡ አስቀምጦ የሳምንቱን ትምህርት ይዘጋጃል። የከበደውን ነገር መጀመሪያ በእኛ ላይ ይሞክረዋል፤ የስምንት ዓመት ልጅ የገባው ነገር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅም ይገባዋል ብሎ ያምናል። (ይህ እምነቱ በእኔ ምክንያት እንዳልሠራ እስካሁን አያውቅም።) ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ሞልቶ እርሳስ ያስገባል። እርሳሱ የተሰበረ ይመስላል። ያወጣዋል፤ ደህና ነው።

«የተሰበረው እርሳሱ አይደለም፤ ብርሃኑ ስለዘገየ ነው። አሁን ዋናውን ነገር ስሙ። ብርሃን ከብርጭቆው ሲወጣ ወዲያው ወደ ሦስት መቶ ሺህ ይመለሳል። ማን ገፋው?»

«አንተ» አለች እህቴ።

«ማንም። ማንም አልገፋውም። በራሱ ነው የሚመለሰው።»

«እሱ ብርሃን ስለሆነ ነው» አለች እናቴ ከወዲያኛው ክፍል፣ የደንብ ልብሷን እየተኮሰች።

አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። «ከሁሉ በላይ የሚፈጥነው ግን ኦና ውስጥ ነው።»

«ኦና ምንድን ነው?» አልኩት። ቃሉን ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ምንም ነገር የሌለበት ቦታ። አየር እንኳ የሌለበት። ከዚያ የሚበልጥ ፍጥነት የለም፤ ለማንም።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚህ አካባቢ የለም። መሥራት ይቻላል፤ ግን ያደክማል። ውስጡ ያለውን ነገር አንድ ባንድ ማውጣት ነው።»

ቀጥሎ የመንትዮቹን ነገር አመጣ። ስለ መንታ ሲናገር ደስ ይለዋል፤ ምሳሌው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ሁለት መንትዮች አሉ፤ አንዱ የብርሃንን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት ጉዞ ይሄዳል፣ ሌላው ቤት ይቀራል። ለተጓዡ ጊዜ ይዘገይለታል። ሲመለስ ያው ልጅ እንደሆነ ነው፤ ቤት የቀረውን ሽበት አውጥቶ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ስለ አሥሩ ደቂቃ መናገር አለብኝ። እኔ እህቴን በአሥር ደቂቃ እበልጣታለሁ። ይህ በልጅነቴ የነበረኝ ብቸኛ ሥልጣን ነው፤ መስኮት ጋ የመቀመጥ መብት፣ የመጨረሻዋን ዳቦ የመቁረስ መብት፣ ሁሉም የመጣው ከዚያ ነው። እህቴ ግን አንድም ቀን ተቀብላው አታውቅም። «ሽማግሌው» እያለች ትጠራኛለች። «የሐኪሙ ሰዓት ቀድሞ ቢሆንስ?» ትላለች። «መጀመሪያ የወጣኸው እኔ ገፍቼህ ቢሆንስ?» ትላለች። አሥር ደቂቃ ትንሽ እንደሆነች እኔም በሆዴ አውቀዋለሁ።

«አባዬ፣ ስለዚህ ቤት የቀረው ታላቅ ይሆናል?» አልኩት።

«በብዙ ዓመት ይበልጣል።»

«ለዘላለም?»

«ለዘላለም። የሄደ ጊዜ አይመለስም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ መጣች። የአባቴ እህት ናት፣ ልብስ ሰፊ፤ ደረቷ ላይ ሁልጊዜ መርፌ ስለምትሰካ ስታቅፈን ፊታችንን ወደ ኋላ እናሸሻለን። ከእናቴ ጋር ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉት። እኔና እህቴ ጆሯችንን ለጠፍን።

«ወደ ሌላ ከተማ ዝውውር ጠይቀሻል የሚባለው እውነት ነው?»

«ተፈቅዶልኛል። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

«ልጆቹስ?»

«ይዣቸው ነዋ።»

«እሱ ሁለቱንም አልሰጥም ብሏል። ቢያንስ አንዱ ይቅርልኝ ነው የሚለው።»

«አንዱ ሄዶ አንዱ ይቀራል? መንትዮች እኮ ናቸው። ዕቃ መሰሉት እንዴ?»

የሆነ ነገር ተቀመጠ፤ ድስት ይመስለኛል። ከዚያ አክስቴ ቀስ ብላ፣ «እንግዲህ ይህን ቤት ኦና ልታደርጊው ነው» አለች።

«እሱ ነው ኦና ያደረገው» አለች እናቴ።

እህቴን ክንዷን ቆነጠጥኳት። መንትዮች፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል፤ ቤቱ ኦና ይሆናል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አባቴ ሙከራውን ሊሠራው ነው። እናቴ የተቆጣችው ሙከራው አስፈርቷት ነው፤ እናት ነቻ።

ቋንቋችንን የሚናገር ሰው ሁሉ ቤት ኦና ሆነ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የእኔ ጥፋት ቃሉን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መማሬ ነው፤ ፊዚክሱ ቀደመብኝ።

ቀሪው ሁሉ በትክክል ገጠመ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪናውን እያሽከረከረ መጣና ቁም ሣጥኑን ወሰደ። በሌላ ቀን ሶፋውንና አልጋውን። ዕቃው አንድ ባንድ ይወጣል፤ ልክ አባቴ እንዳለው። ሳሎኑ ውስጥ ስናጨበጭብ ድምፃችን እየተመለሰ ይመጣል። እኔም ማገዝ ጀመርኩ። የአባቴን ጫማዎች፣ የአበባ ማሰሮዎቹን፣ ግድግዳ ላይ የነበረውን የቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ደጅ ደረደርኳቸው። አጎቴ ጠረጴዛውን ሊወስድ ሲመለስ በበሩ ሥር ጨርቅ ስወትፍ አገኘኝ።

«ምን እየሠራህ ነው ማሙሽ?»

«አየር እንዳይገባ ነው።»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሞዠቀ። «ልክ ነህ የኔ ጌታ» አለ፣ «እዚህ ቤት አየር ከጠፋ ቆየ።» እንደገባው ሳይ ደስ አለኝ። ሹፌር ቢሆንም ብልህ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

የቀረው ማን ይሂድ የሚለው ነበር። እህቴ መቅረት ፈለገች፤ ጎረቤት ያለችውን የጆሮን ልጅ ትታ መሄድ አልሆንልሽ አላት። ጓሮ ወስጄ አነጋገርኳት።

«የሚሄደው ሰው አያረጅም» አልኳት። «ጥርስሽም አይወልቅም።» ያን ሰሞን የፊት ጥርሷ ይነቃነቅ ነበር፤ እንዳይነካባት ዳቦ በጎን በኩል ነበር የምታኝከው።

«አንተስ?»

«እኔ አረጃለሁ።»

«ጺም ታወጣለህ?»

«ሳላወጣ አልቀርም።»

አሰበች። «ስመለስ ሻንጣዬን አንተ ትሸከማለህ። ትልቅ ሰው ትሆናለሃ።»

«እሸከማለሁ።»

ተጨባበጥን። ከዚያ በኋላ የፈረምኳቸው ውሎች ብዙ ናቸው፤ እንደዚያኛው የከበደ ግን አላስታውስም።

ፍርድ ቤት የተሄደው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጆችን የምታነጋግረው ሴትዮ ቢሮ ውስጥ የውሃ ማፍያ፣ የወረቀት መብሻና ግማሽ ፊቱ የጠፋ የጨርቅ ድብ ነበር። መጀመሪያ እህቴ ገባች። ስትወጣ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ከዚያ እኔ ገባሁ።

«እናትና አባትህ ከእንግዲህ በየራሳቸው ቤት እንደሚኖሩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለሙከራ ነው።»

«ለሙከራ ነው ያለህ ማነው?»

«አባዬ ነው ያስረዳን።»

ጻፈች። ካደግኩ በኋላ የመዝገቡን ግልባጭ አግኝቼ አንብቤዋለሁ፤ «አባት የመለያየቱን ጉዳይ ለልጆቹ ዕድሜ በሚመጥን መንገድ ያስረዳ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል።

«ከማን ጋር መኖር ትፈልጋለህ?»

«እኔ እቀራለሁ።»

«ከአባትህ ጋር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ለምን መረጥከው?»

«ታላቅ ስለሆንኩ። ታላቁ ነው የሚቀረው።»

ይህንንም ጻፈች። መዝገቡ ላይ ያለው፣ «ልጁ ከዕድሜው በላይ የኃላፊነት ስሜት የሚታይበት ሲሆን አባቱን ብቻውን ጥሎ መሄድ አይፈልግም» የሚል ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። የሰማችውን በምታውቀው ቋንቋ ጻፈች፤ እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነው።

«አባባ መጠጥ ይጠጣል?»

«ሻይ» አልኩ። አልዋሸሁም። እኛ ፊት ሌላ ነገር ጠጥቶ አያውቅም።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ጠበቀችኝ። «ምን አልካት?»

«እቀራለሁ አልኳት።»

የተቆለፈውን የሸሚዜን ቁልፍ ፈታችና እንደገና ቆለፈችው። «ማንም እንዲህ በል አላለህም?»

«ማንም አላለኝም እማዬ። እኔ ራሴ ነኝ የፈለግኩት።»

ፈገግ እያልኩ ነበር። ይህን ነው ዛሬም መርሳት ያልቻልኩት፤ ጥርሴ በሙሉ ይታይ ነበር። እናቴ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች፣ ቦርሳዋን ከወለሉ ላይ አነሳች፣ ከዚያ ምንም የምታነሳው ነገር ስታጣ ከተንበረከከችበት ተነሳች። በኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው አባቴ ሰምቶኛል። ፊቱን በመዳፎቹ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሙከራው ስለተፈቀደለት እየሳቀ መሰለኝ።

ዳኛው አክስቴ አብራን እንድትኖር በሚል ቅድመ ሁኔታ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ልጅ ሰጣቸው።

እናቴና እህቴ የሄዱት እናቴ ራሷ በምትልካቸው አውቶቡሶች ባንዱ ነው። ልክ በሰዓቱ ወጣ፤ ሌላ ነገር አይጠበቅም። እኔ ግን ደነገጥኩ። ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ በግርግሩ መሀል እየተንፏቀቀ፣ በር ላይ አህያ አሳልፎ ነው የወጣው።

«አባዬ፣ በዚህ ፍጥነት?»

«በምን ፍጥነት?»

«እንዲህ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት?»

እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «አዎ ልጄ» አለ። «እንዲህ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።»

ቤት ስንገባ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ወንበርና አንድ ፍራሽ ብቻ ቀርቷል። አክስቴ የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ የምትመጣው በማግሥቱ ነው። እኔ የመብራቱን ማብሪያ ወደ ላይ ወደ ታች አደረግኩት። እንደ ወትሮው ነው የበራው። ምናልባት ዓይኔ አልደረሰበት ይሆናል አልኩ፤ ኦና ውስጥ ያለ ብርሃን በጣም ይፈጥናላ።

«አሁን ኦና ነው አይደል?» አልኩት።

«ኦና ነው» አለ አባቴ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ማረጋገጫዬን አገኘሁ። በስድስት ሰዓት ከሃያ በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው፤ ዳቦ ይዞ፣ ምንም ሳይሸት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ከሃያ። ከዚያም በኋላ። አክስቴ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ከንፈሯን ትመጥጣለች። እኔ አልገረመኝም። ኦና ውስጥ እንደሚፈጥን ራሱ ነግሮን የለ?

የሆነውን ነገር ከአክስቴ የሰማሁት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከፍርድ ቤት በተመለስንበት ቀን አባቴ መደርደሪያው ጀርባ የደበቃቸውን ጠርሙሶች አንድ ባንድ አውጥቶ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደፍቷቸዋል። ያን ቀን አብራን የመጣችው አክስቴ፣ «ስንቴ ጥለኸዋል፤ ስንት ቀን ልትቆይ ነው?» ብላዋለች። «ልጁ መረጠኝ» አላት። «ሁለታችንም ባለንበት፣ ማን እንደሆንኩ እያወቀ፣ እየሳቀ መረጠኝ። ከዚህ በኋላ እንዴት እጠጣለሁ?» ብርሃን ከብርጭቆ ሲወጣ ማንም አይገፋውም። አባቴን የገፋው ሰው አለ፤ እኔ ነኝ፤ እጄን የዘረጋሁት ግን ወደ ሌላ ነገር ነበር።

እህቴ በትምህርት ቤት ዕረፍት ስትመጣ የበሩ መቃን ላይ ተለካካን። በሁለት ጣት በልጣኛለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲስ በቅሏል።

«ሽማግሌው» አለችኝ ከላይ ወደ ታች እያየች፣ «ጺሙ የታለ?»

ሻንጣዋን ግን አሸከመችኝ።

ስህተቴን ያወቅኩት በአንድ ቀን አይደለም። ቀስ በቀስ ነው የገባኝ፤ ሲገባኝም ከእህቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ ማፈር ጀምሬ ነበርና። ኮሌጅ ገብቼ ቀመሩን ስማር መጀመሪያ ያሰላሁት ያንን አውቶቡስ ነው። በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር፣ ለስድስት ሰዓት፤ እህቴ ያተረፈችው ወጣትነት የአንዲት ሴኮንድ ሠላሳ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ሌላ አሥር ደቂቃ እንድበልጣት አሥራ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያህል ከአውቶቡሱ ሳትወርድ መጓዝ ነበረባት።

ዛሬ የምተዳደረው በፋይበር ገመድ ጥገና ነው። ገመድ ሲበጠስ ከአንዱ ጫፍ ብርሃን እንልክና ከተበጠሰበት ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንለካለን። ፋይበር ብርጭቆ ነው፤ ብርሃን ውስጡ እንደሚዘገይ ለመሣሪያው ካልነገርከው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የተበጠሰውን ሦስት ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ይልሃል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ እንዲህ ተሳስቼ የማይመለከተውን ሰው ደጃፍ አስቆፍሬያለሁ። ስሌቱ ልክ ነበር። ያላወቅኩት ብርሃኑ በምን ውስጥ እንደሚያልፍ ነው።

እናቴ በየዓመቱ ልጠይቃት ስሄድ እንደ እንግዳ ነበር የምትቀበለኝ። እህቴን ትቆጣታለች፣ ታዛታለች፣ ሰሃን ታሳጥባታለች፤ እኔን «ይህን ትወዳለህ ብዬ ነው ያዘጋጀሁልህ» ትለኛለች። አንድም ቀን ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እህቴ፣ «ንገራትና ይውጣልህ፤ እኔ ልንገራት አልኩህ እኮ» ትለኝ ነበር። ግን እናቴ ካወቀች አባቴም ማወቁ የማይቀር መሰለኝ። አባቴ ከወይን እስከ ቢራ ሲጋብዙት «እኔ ልጄ የመረጠኝ ሰው ነኝ» የሚል ሰው ነው። ቀልድ አስመስሎ ነው የሚለው። ቀልድ አይደለም። እናቴ የጎደላትን ልሰጣት ስል አባቴ የቆመበትን እንዳልነቅል እፈራ ነበር።

ባለፈው ዓመት እሷ ያለችበት ከተማ ገመድ ተበጥሶ ተላክን። ሥራው እኩለ ቀን ላይ አለቀና ሄድኩባት። ጡረታ ወጥታለች። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ስኳሩን ራሷ አማሰለችው። ከዚያ ማንኪያውን ሳታስቀምጥ፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ካልፈለግክ አትመልስልኝ። ያኔ ምን አድርጌህ ነው?»

መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ነገርኳት። መንትዮቹን፣ ኦናውን፣ ጨርቅ የወተፍኩበትን በር፣ ከእህቴ ጋር የተጨባበጥነውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ፊቷን ለማየት ፈራሁ።

«ለአሥር ደቂቃ?» አለችኝ።

«ለአሥር ደቂቃ።»

መጀመሪያ ሳቀች። እየሳቀች ጠረጴዛውን መታችው፤ ሻዩ ፈሰሰ። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ሳቁ የት ላይ እንዳበቃ ማወቅ አልቻልኩም።

«በጥፊ የመታሁህ ቀን ነበር» አለች። «ካልሲህን አጥፍተህ። እሱ ነው እያልኩ... አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ካልሲ ስፈልግልህ ነው የኖርኩት።»

«ይቅርታ እማዬ።»

«ዝም በል። ለአባትህ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«እና እስካሁን መረጠኝ ብሎ ነው የሚያስበው?»

«አዎ።»

«አሁንም አይጠጣም?»

«ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ።»

የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ ማድረቅ ጀመረች። ጠረጴዛው ከደረቀ በኋላም ቦታውን ስትጠርገው ቆየች። ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። አባቴ ነው፤ ሥራ ስወጣ ከሰዓት በኋላ ደውሎ በልቼ እንደሆነ ይጠይቀኛል። የት ነህ ሲለኝ እማዬ ጋ ነኝ አልኩት። እናቴ እጇን ዘረጋች። ከፍርድ ቤቱ ወዲህ ሁለቱ በስልክም ሆነ በአካል ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ስልኩን ሰጠኋት።

«ደህና ነኝ» አለች። «አንተስ? ... አዎ፣ እዚሁ ነው። ስለዚያ ስለ ፍርድ ቤቱ ቀን ስንጫወት ነበር። ጠየቅኩት፤ ለምን እንደሆነ።» በወዲያ በኩል አባቴ አንድ ነገር ጠየቀ። እናቴ እኔን እያየችኝ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ምን ይለኛል» አለች፣ «ዛሬም ብጠየቅ አባቴን ነው የምመርጠው አለኛ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሃሎ» አልኩ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እናቴ ብርጭቆዬን አንስታ ሌላ ሻይ ልትቀዳልኝ ወደ ኩሽና ገባች።